ለውሃው መንገድ ማበጀት፦ ቤትን ለከባድ ዝናብና ለጎርፍ ወቅት የማዘጋጀት የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ደረቅና ነፋሻማ

የዝናቡ ወቅት ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ስለቀሩት ቤቱን የማዘጋጀቱን ሥራ ዛሬ ጀምረናል። ቤቱ በመጠነኛ ተዳፋት ላይ የተሠራ ባለ አንድ ወለል ነው፤ ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው በሁለት ወገን የሚያፈስ ቆርቆሮ ሲሆን ከበላዩ መንገድ፣ ከበታቹ ደግሞ የጎረቤት ግቢ ይዋሰነዋል። በቤቱ የምንኖረው እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆቻችንና በምርኩዝ የሚሄዱት አማቴ ነን። የአማቴን ሁኔታ ከወዲሁ የመዘገብሁት ወደ ኋላ የሚመጡ ብዙ ውሳኔዎች በእሳቸው እርምጃ ፍጥነት ስለሚለኩ ነው።

ሥራውን የጀመርነው በአካፋ ሳይሆን በልኬት ነው። ውሃ ወዴት እንደሚሄድ በዓይን ገምቶ መቆፈር ያሳስታል፤ ለጥ ያለ የሚመስል ግቢ ከጫፍ እስከ ጫፉ ሃያና ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ሊያዘቀዝቅ ይችላልና። ለልኬቱ የተጠቀምነው ውስጡ የሚታይ ረጅም የላስቲክ ቱቦ ነው። ቱቦው የአየር አረፋ ሳይቀርበት በውሃ ተሞልቶ ሁለቱ አፎቹ ወደ ላይ ሲያዙ በሁለቱም ጫፎች ያለው ውሃ ምንጊዜም እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል፤ ስለዚህ አንዱን ጫፍ በሳሎኑ በር አጠገብ አስረን ሌላውን በግቢው እያዞርን የእያንዳንዱን ቦታ ከፍታ ከሳሎኑ ደፍ ጋር አነጻጽረን ለካን። የሳሎኑን ደፍ ዜሮ ብለን ስንነሣ የላይኛው መንገድ ጠርዝ 85 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ የታችኛው አጥር ሥር 70 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል፤ የሴፕቲክ ታንኩ (የቤቱ ፍሳሽ የሚጠራቀምበት የተቀበረ ታንክ) ክዳን በ35፣ የማዕድ ቤቱ የኋላ በር ደፍ በ6፣ የገላ መታጠቢያው የወለል ፍሳሽ መውረጃ ደግሞ በ4 ሴንቲ ሜትር ከዜሮ በታች ናቸው። ዝቅተኛው ሶኬት ከዜሮ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

ከእነዚህ ቁጥሮች የተገኘው ቁም ነገር ሁላችንም ስንጠብቀው ከነበረው የተለየ ነው። ሁሉም ሰው የሚፈራው የፊት ለፊቱን በር ነበር፤ ነገር ግን በግቢው ውስጥ የሚጠራቀም ውሃ ሳሎኑ ደፍ ላይ ከመድረሱ በፊት በማዕድ ቤቱ በር ይገባል፣ በመታጠቢያ ቤቱ መውረጃም ከሥር ይፈልቃል። ስለዚህ የሥራው ቅደም ተከተል ተወሰነ፦ በመጀመሪያ ውሃው ከላይ ሳይገባ በጎን እንዲያልፍ፣ ቀጥሎ በግቢው የወረደው ሳይቆም እንዲወጣ ማድረግ፤ በር መዝጋት የሚመጣው ከሁሉ በኋላ ነው። በርን አስቀድሞ መዝጋት፣ መውጫ የሌለው ውሃ በደጃፍ እንዲከማች ጊዜ ከመስጠት የተለየ ጥቅም የለውም።

በታችኛው አጥር አጠገብ ባለው የብረት ምሰሶ ላይ ከዜሮ ጋር የተናበቡ ምልክቶችን በቀለም አስምረናል። ከዜሮ 30 ሴንቲ ሜትር በታች ያለው መስመር ቢጫ፣ 10 ሴንቲ ሜትር በታች ያለው ቀይ ነው፤ ሁለቱም ከመኝታ ቤቱ መስኮት በእጅ ባትሪ ብርሃን ይታያሉ።

እሑድ፣ ደረቅ

የጣሪያው ተራ። ከጣሪያ የሚወርደውን ውሃ ማስላት ቀላል ነው፤ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በትክክል 1 ሊትር ውሃ ነው። የእኛ ጣሪያ በአግድም ሲለካ 120 ካሬ ሜትር ስለሚሸፍን 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ 6,000 ሊትር ያወርዳል ማለት ነው። ለአሸንዳው ግን ከጠቅላላው መጠን ይልቅ የሚያሳስበው ፍጥነቱ ነው። ዝናቡ በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር በሚሆን ኃይል ቢወርድ እያንዳንዱ የጣሪያ ወገን በደቂቃ 60 ሊትር ያፈስሳል፤ ይህ ውሃ እስካሁን ሲወርድ የኖረው ከመሠረቱ አንድ እርምጃ እንኳ ባልራቀ ቦታ ነው።

የቆርቆሮ ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ስንፈትሽ የላላውን ከመምታት ይልቅ መቀየር እንደሚሻል ተስማምተናል፤ ጎማው የደረቀ ሚስማር ቢመታም ውሃ ማሳለፉን አይተውምና። የኮልሞው (የጣሪያው አናት መክደኛ ቆርቆሮ) መጋጠሚያ በአንድ በኩል ተነሥቶ ስለነበር ነፋስ የሚገፋው ዝናብ ከሥሩ ይገባ እንደነበር በእንጨቱ ላይ ያለው ጥቁር ነጠብጣብ ይመሰክራል። እሱም ታስሯል። ዝገት የበሳውን አንድ ቆርቆሮ ስንተካ ከላይ ያለው በታችኛው ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲደርብ፣ በጎን ደግሞ ሁለት ሞገድ እንዲደራረብ አድርገናል።

አሸንዳው ወደ መውረጃው ቱቦ በአንድ ሜትር 5 ሚሊ ሜትር እንዲያዘቀዝቅ ተስተካክሏል፤ በአሥር ሜትር ርዝመት 5 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ከዚህ ያነሰ ከሆነ ቅጠልና ደለል ያስቀራል፤ በጣም ከበዛ ደግሞ የአሸንዳው አንድ ጫፍ ከቆርቆሮው ጠርዝ ስለሚርቅ ውሃው በመካከል ይፈስሳል። በመውረጃው አፍ ላይ የሽቦ ወንፊት፣ በቱቦው ግርጌ ደግሞ ውሃውን ከግድግዳው ሁለት ሜትር ያህል አርቆ የሚጥል ማራዘሚያ ተገጥሟል። የማራዘሚያው መጨረሻ በተደረደረ ድንጋይ ላይ እንዲያርፍ አድርገናል፤ አለዚያ ውሃው በወደቀበት ቦታ ራሱ ጉድጓድ ይቆፍራል።

በጣሪያው ላይ የሚያንዣብቡት የዛፍ ቅርንጫፎች ተቆርጠዋል። ስለዚህ ሥራ ብዙ የምለው የለኝም።

ረቡዕ፣ ከሰዓት በኋላ ደመና

ዛሬ አፈሩን ፈተሽን። ብዙ ሰዎች የግቢ ውሃ ሲያስቸግራቸው ጠጠር የተሞላ የማስረጊያ ጉድጓድ እንዲቆፈር ይመክራሉ፤ ምክሩ መጥፎ አይደለም፣ ነገር ግን መልሱ ያለው በአፈሩ ዓይነት ውስጥ ነው። አሸዋማ አፈር በሰዓት ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ ውሃ ሲያሰርግ ሸክላማ አፈር የሚያሰርገው በሰዓት ከ1 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ክንድ የሚደርስ ጉድጓድ ቆፍረን በውሃ ሞላነው፤ የመጀመሪያው ውሃ ደረቁን አፈር ስለሚያጠግብ ውጤቱ የሚነበበው በሁለተኛው ሙሊት ነው። ጠዋት የሞላነው ውሃ ማታም ከሞላ ጎደል እንዳለ ነበር። የእኛ አፈር ሸክላማ ስለሆነ የማስረጊያ ጉድጓዱ ሐሳብ ተሰርዟል፤ ቢቆፈርም በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሞልቶ በኩሬነት ይቀር ነበር። በተጨማሪም እንዲህ ያለ ጉድጓድ ከቤት መሠረት ቢያንስ 5 ሜትር መራቅ አለበት፤ እኛ ያን ያህል ነጻ ቦታ የለንም።

ስለዚህ የቀረው መንገድ አንድ ነው፤ ውሃውን በመሬት ገጽ ላይ አውጥቶ መሸኘት።

በቤቱ ዙሪያ ያለው አፈር ለብዙ ዓመታት ስለተረገጠና ጣሪያው ስለቦረቦረው ወደ ግድግዳው ያዘቀዝቅ ነበር። በመጀመሪያዎቹ 3 ሜትሮች ውስጥ 15 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ እንዲወርድ አድርገን ከቦዩ በሚወጣው ሸክላማ አፈር እየሞላን፣ በስስ ንጣፍ እየረገጥን እንደገና ቅርጽ እየሰጠነው ነው። በዚህ ሥራ ላይ ሸክላማው አፈር ጠቅሞናል፤ ውሃ የማያሰርግ መሆኑ ከመሠረት አጠገብ የሚፈለግ ጠባይ ነውና። አፈሩ ግን ግድግዳውን ተደግፎ ወደ ወለሉ ከፍታ እንዳይደርስ ከወለሉ በታች 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ተጠብቋል፤ ይህ ካልተደረገ እርጥበቱ በግድግዳው በኩል ወደ ውስጥ ይወጣል።

ቅዳሜ፣ ጠዋት ጥቂት ካፊያ

ከላይኛው አጥር ሥር የመቀልበሻ ቦይ ተቆፍሮ አልቋል። ስፋቱ 30፣ ጥልቀቱ 20 ሴንቲ ሜትር ሲሆን በአንድ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ያዘቀዝቃል። ከመንገዱ ወደ እኛ የሚያፈስሰው ጠንካራ ቦታ 300 ካሬ ሜትር ቢሆን በዚያው በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር ዝናብ በደቂቃ 300 ሊትር ይመጣል፤ ቦዩ ለዚህ መጠን ከሚያስፈልገው በላይ ሰፊ ነው። ሰፊ የሆነውም ሆን ተብሎ ነው፤ ደለል ግማሹን ቢሞላው እንኳ ቀሪው እንዲበቃ። ከቦዩ የወጣው አፈር ለቤቱ ዙሪያ ከተወሰደው በቀር በታችኛው ወገን እንደ ግድብ ተከምሮ ተረግጧል፤ በላይኛው ወገን የተተወ አፈር በመጀመሪያው ዝናብ ተመልሶ ቦዩን ይሞላዋል። መታጠፊያው ላይ ውሃው ዳርቻውን እንዳይበላ ድንጋይ ተደርድሯል፣ በተከመረው አፈር ላይም ሥሩ ጠልቆ የሚይዝ ሣር ተተክሏል።

ቦዩ የት ያፍስስ የሚለው ጥያቄ ከቁፋሮው ይልቅ ጊዜ ወስዷል። ቀላሉ መንገድ በአጥሩ ጥግ ወደ ታችኛው ግቢ መልቀቅ ነበር፤ ይህ ግን ችግሩን ለጎረቤት ማስረከብ ነው፣ በብዙ አገርም በሕግ ያስጠይቃል። የታችኛው ጎረቤታችን በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ከባለቤቴ ጋር ሄደን የለካናቸውን ከፍታዎች በወረቀት አሳየናቸው፤ እሳቸውም «እናንተ ውሃውን በአንድ መስመር ካመጣችሁልኝ እኔም በአንድ መስመር አሳልፈዋለሁ፤ የሚያስቸግረኝ በየቦታው ተበትኖ ሲመጣ ነው» አሉን። በዚህ ሐሳብ ተስማምተን፣ ቦዩ በሁለቱ ግቢዎች ድንበር ወርዶ ከታች ባለው የጋራ ፍሳሽ መውረጃ እንዲገባ ቁፋሮውን በጋራ ቀጥለናል። የጋራ መውረጃው ራሱ በፕላስቲክና በደለል ተደፍኖ ስለነበር ተጠርጓል፤ ከተጠረገውም ውስጥ አንድም አካፋ በዳርቻው እንዳይቀር ሁሉም ተጭኖ ተወስዷል።

ሰኞ፣ ደረቅ

በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ አደጋ ያለው የት ነው ብባል የምጠቁመው የታችኛውን የግንብ አጥር ነው። አጥሩ ያለ ምንም ቀዳዳ ከዳር እስከ ዳር ተገንብቷል፤ ያም ማለት ለግቢው ሳይታሰብ የተሠራ ግድብ ነው። የቆመ ውሃ በግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ከጥልቀቱ ጋር ብቻ ሳይሆን ከጥልቀቱ ካሬ ጋር ያድጋል፦ ውሃው 50 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ በእያንዳንዱ ሜትር የአጥር ርዝመት ላይ የ125 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ይገፋል፤ ጥልቀቱ እጥፍ ሆኖ 1 ሜትር ሲሞላ ግን ግፊቱ አራት እጥፍ፣ ማለትም ግማሽ ቶን ይሆናል። በቀጭን ብሎኬት የተሠራ አጥር ለእንዲህ ያለ የጎን ግፊት የተዘጋጀ አይደለም፤ ሲወድቅም ቀስ ብሎ አይደለም፤ የተጠራቀመው ውሃ በሙሉ በአንድ ጊዜ በታች ባሉት ሰዎች ላይ ይለቀቃል።

ስለዚህ ከአጥሩ ግርጌ በየሁለት ሜትሩ ቀዳዳዎች ከፍተን ወደ ድንበሩ ቦይ እንዲያፈስሱ አድርገናል፤ ይህም ከጎረቤታችን ጋር በተደረገው ስምምነት ውስጥ ያለ ነው። ቀዳዳዎቹ ትንንሽ እንስሳትን እንዲከለክሉ በብረት ዘንግ ተከፋፍለዋል፤ ጠባብ ወንፊት ግን አልተደረገባቸውም፣ ቅጠል በቶሎ ይደፍነዋልና። አፈሩን ደግፎ የሚይዘው የድጋፍ ግንብ ውሃ ማስወጫ ቀዳዳዎችም በሣር ሥር ተደፍነው ስለነበር በብረት እየተወጉ ተከፍተዋል።

ሐሙስ፣ ሌሊት ነጎድጓድ ያለ ዝናብ

የቧንቧ ባለሙያው መጥቶ በቤቱና በሴፕቲክ ታንኩ መካከል ባለው የፍሳሽ መስመር ላይ ቼክ ቫልቭ ገጠመ። ቫልቩ ፍሳሽ ወደ ውጭ እንዲሄድ ፈቅዶ እንዳይመለስ የሚዘጋ ሲሆን፣ በሩ ላይ ቆሻሻ ከተጣበቀ ስለማይገጥም በየጊዜው ተከፍቶ መጽዳት አለበት፤ ለዚህም ክዳኑ ከላይ በሚደረስበት ቦታ ተትቷል። ቫልቩ በተዘጋበት ሰዓት ከቤት የሚለቀቅ ውሃም መውጫ እንደሌለው ለልጆቹ በሚገባ ተነግሯቸዋል፤ ውጭው ሲጥለቀለቅ ሽንት ቤት ውሃ መልቀቅም ሆነ ገላ መታጠብ አይቻልም። ለመጠባበቂያ ያህል በወለሉ መውረጃ ላይ የሚጣል፣ በወፍራም ላስቲክ የተጠቀለለ አንድ የአሸዋ ጆንያ በመታጠቢያ ቤቱ ተቀምጧል።

ሴፕቲክ ታንኩን ለማስመጠጥ ጊዜው አሁን ነው፤ አፈሩ በውሃ ከጠገበ በኋላ ታንክን ባዶ ማድረግ፣ በተለይ ፕላስቲክ ከሆነ፣ ከመሬት ተገፍቶ እንዲነሣ ሊያደርገው ይችላል። ለመሬት ላዩ የውሃ ማጠራቀሚያም ምክንያቱ ተመሳሳይ ነው፦ 1,000 ሊትር የሚይዝ ባዶ ታንከር ሙሉ በሙሉ ቢጠልቅ ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል ወደ አንድ ቶን ይጠጋል። የእኛ ታንከር ዝናብ በተተነበየ ቁጥር ይሞላል፣ በብረት ማሰሪያም ከተቀመጠበት ኮንክሪት ጋር ታስሯል።

ዓርብ፣ ደመናማ

የኤሌክትሪክ ሥራውን ፈቃድ ላለው ባለሙያ ብቻ ትተናል። ዝቅተኞቹ ሶኬቶችና የግቢው መብራት ከቀሪው ቤት ተነጥለው በራሳቸው ብሬከር ላይ እንዲሆኑ፣ በዋናው ማከፋፈያ ሳጥን ውስጥም ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት ሲያፈተልክ በ30 ሚሊ አምፒር ልዩነት የሚቆርጥ መከላከያ እንዲገባ ተደርጓል። መሬት ለመሬት ይሄዱ የነበሩ ማራዘሚያ ገመዶች ሁሉ ተነሥተዋል። በሳጥኑ በር ላይ የተለጠፈው መመሪያ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ውሃው ቢጫው ምልክት ላይ ሲደርስ ዋናው ይጥፋ። እግርህ በውሃ ውስጥ ከሆነ ወይም ሳጥኑ ከረጠበ አትንካ።» ጄኔሬተር ለመከራየት ተነሥቶ የነበረው ሐሳብ ለጊዜው ቀርቷል፤ ጭሱ ሽታ የሌለውና ሰው የሚገድል ካርቦን ሞኖክሳይድ ስለሚይዝ ከቤቱ መስኮቶች ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ፣ በዚያም ላይ ከዝናብ ተጠልሎ መቀመጥ አለበት፤ ይህን የሚያሟላ ቦታ በግቢያችን የለም።

ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ ዝናብ

አሁን የበሮቹ ተራ ደርሷል።

በሁለቱም በሮች መቃን ላይ ከብረት የተሠራ መሸጎሪያ ገጥመን፣ በውስጡ የሚንሸራተት ከሥርና ከጎን ጎማ ያለው የአሉሚኒየም ሳንቃ አዘጋጅተናል። ሳንቃው በአንድ ሰው ይገባል፤ የአሸዋ ጆንያ ክምር ግን ብዙ እጅና ብዙ ሰዓት ይፈልጋል። ቢሆንም ጆንያዎቹን ጨርሶ አልተውናቸውም፤ ሳንቃ ሊገጠምባቸው ለማይችሉ ለጋራዡ አፍና ለአጥሩ በር ያስፈልጋሉ። የአሞላላቸው ሥርዓት ይህ ነው፦ ጆንያው እስከ ግማሽ፣ ቢበዛ እስከ ሁለት ሦስተኛ ብቻ ይሞላል። ጢም ብሎ የሞላ ጆንያ ድንጋይ ይመስል ድርቅ ስለሚል ከጎኑ ካለው ጋር አይገጥምም፤ የጎደለው ግን ሲረገጥ ተዘርግቶ ክፍተቱን ይሞላል። አፉ ወደ ሥር ታጥፎ የውሃውን መምጫ አቅጣጫ ይዞ ይተኛል፣ ሁለተኛው ረድፍ እንደ ጡብ የመጀመሪያውን መጋጠሚያ ሸፍኖ ይደረደራል፣ እያንዳንዱም ረድፍ ይረገጣል። በውሃው ወገን ላስቲክ ተዘርግቶ ጠርዙ ከመጀመሪያው ረድፍ ሥር ይገባል። ክምሩ ከአንድና ከሁለት ረድፍ በላይ ከሆነ የግርጌው ስፋት የከፍታውን ሦስት እጥፍ መሆን ይኖርበታል፤ 30 ሴንቲ ሜትር ለሚያህል ከፍታ 90 ሴንቲ ሜትር ግርጌ ማለት ነው። ይህን ሁሉ አድርገን እንኳ ውሃ ቀስ ብሎ ማስረጉ አይቀርም፤ የጆንያ ክምር ያዘገያል እንጂ አያሽግም።

የሳንቃው ከፍታ 60 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ከዚያ በላይም አይሆንም። ባለቤቴ «እጥፍ ብናደርገውስ?» ብላ ጠይቃ ነበር፤ ከአጥሩ ስሌት የማይለየው መልስ ግን ለቤቱ ግድግዳም ይሠራል። ውጭው በውሃ ተሞልቶ ውስጡ ደረቅ ሆኖ ሲቆይ የጥልቀቱ ልዩነት ሁሉ የሚያርፈው በግድግዳው ላይ ነው፤ ለተራ የብሎኬት ወይም የጡብ ግድግዳ 60 ሴንቲ ሜትር የሚያህል ልዩነት እንደ ወሰን ይወሰዳል። ውሃው ከዚያ ካለፈ ገብቶ ከውጩ ጋር እኩል እንዲሆን መፍቀድ ይሻላል፤ የረጠበ ወለል ይደርቃል፣ የተደረመሰ ግድግዳ ግን ቤቱን ይዞ ይሄዳል። ይህን ውሳኔ በጎርፉ ሰዓት እንዳንከራከርበት ዛሬ በጽሑፍ አስፍረናል።

እሑድ፣ ዝናብ

የቤት ውስጥ ዝግጅት። ሰነዶች ሁሉ ፎቶ ተነሥተው ከቤት ውጭ ባለ ቦታም እንዲቀመጡ ተደርገዋል፤ ዋናዎቹ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ከአማቴ የአንድ ሳምንት መድኃኒት ጋር በበሩ አጠገብ ባለው መደርደሪያ ላይ ናቸው። ፀረ ተባይ፣ ቀለም፣ ነዳጅና በረኪና ከወለል ተነሥተው ከፍ ያለ ቦታ ተቆልፎባቸዋል፤ ከጎርፍ ውሃ ጋር የሚቀላቀል ኬሚካል ጽዳቱን ከመርዝ ጋር የሚደረግ ትግል ያደርገዋል። የጋዝ ሲሊንደሩ ቆሞ ከግድግዳ ጋር ታስሯል።

ለመጠጥና ለማብሰያ በነፍስ ወከፍ በቀን 4 ሊትር ይዘን ለአምስት ሰው የሦስት ቀን ውሃ፣ ማለትም 60 ሊትር፣ በንጹሕ ጀሪካኖች አስቀምጠናል። ይህ ካለቀ ውሃ ማፍላት የመጀመሪያው ምርጫ ነው፦ ከተንተከተከ በኋላ 1 ደቂቃ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላለ ቦታ ደግሞ 3 ደቂቃ ይበቃል። ማፍላት ካልተቻለ ሽታም ቀለምም ያልተጨመረበት፣ ከ5 እስከ 6 በመቶ ክሎሪን ያለው በረኪና በአንድ ሊትር ጥርት ያለ ውሃ 2 ጠብታ ተጨምሮ 30 ደቂቃ ይቆያል፤ ውሃው ደፍራሽ ከሆነ በጨርቅ ተጣርቶ የበረኪናው መጠን እጥፍ ይደረጋል። ሁለቱም መንገዶች ጀርም ይገድላሉ፤ ነዳጅ ወይም ፀረ ተባይ የገባበትን ውሃ ግን አያነጹትም፣ እንዲህ ያለው አይጠጣም።

በመኝታ ቤቶቹ መስኮት ላይ ያለው የብረት ፍርግርግ ሌላው ያሳሰበን ነገር ነው። ሌባ እንዳይገባ የተደረገው ብረት በውስጥ ያለው ሰው እንዳይወጣም ያግዳልና። አንዱ ፍርግርግ ተቆርጦ በማጠፊያ የሚከፈት ሆኗል፤ ቁልፉ ከውስጥ በኩል፣ ልጅ በሚደርስበትና ከውጭ እጅ በማይገባበት ቦታ ተሰቅሏል።

ማክሰኞ፣ ቀኑን ሙሉ ዝናብ

የመውጫው እቅድ ተጻፈ። ውሃው ቢጫው ምልክት ላይ ሲደርስ ኤሌክትሪኩ ይጠፋል፣ ሳንቃዎቹ ይገባሉ፣ አማቴና ልጆቹም ከባለቤቴ ጋር ከፍ ባለው ሰፈር ወዳሉት ዘመዶቻችን ይሄዳሉ። ቀዩን ከነካ እኔም እወጣለሁ። አማቴ መጀመሪያ ላይ «ለትንሽ ውሃ ብዬ ቤቴን ጥዬ አልሄድም» ብለው ነበር፤ ከሁላችንም ቀድመው የሚወጡት እርምጃቸው ዝግ ያለ ስለሆነ እንጂ ፈሪ ስለሆኑ እንዳልሆነ ከተረዱ በኋላ ግን የሚይዙትን ቦርሳ ራሳቸው አዘጋጅተዋል።

መንገዱ የተመረጠው ድልድይና ቦይ በማያቋርጥ አቅጣጫ ነው። በኃይል የሚወርድ ውሃ 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሆንም አዋቂ ሰውን ሊጥል ይችላል፤ 30 ሴንቲ ሜትር ትንሽ መኪናን ያንሳፍፋል፣ 60 ሴንቲ ሜትር ደግሞ አብዛኞቹን መኪኖች ጠርጎ ይወስዳል። በዚያ ላይ ከደፈረሰው ውሃ ሥር አስፋልቱ ይኑር ወይም ተበልቶ ይሂድ ማንም አያውቅም፤ ስለዚህ በውሃ የተሸፈነ መንገድ በእግርም ሆነ በመኪና አይሻገሩትም። በሌሊት የመውጣትን ነገር በተመለከተ፣ ማታ ከባድ ዝናብ ከተተነበየ ቢጫውን ሳንጠብቅ ገና ብርሃን ሳለ ለመውጣት ወስነናል።

ቅዳሜ፣ ትናንት ሌሊት ከባድ ዝናብ

ሥራው በትናንቱ ዝናብ ተፈተነ። በምሰሶው ላይ የቀረው የጭቃ መስመር ከቢጫው በብዙ ዝቅ ያለ ነው፤ የአጥሩ ቀዳዳዎች በሙሉ ሲያፈስሱ ከመስኮት ይታዩ ነበር። ከላይኛው መንገድ የመጣው ውሃ በቦዩ አልፏል፤ መታጠፊያው ላይ ግን አንድ አካፋ የሚያህል ደለል ተከምሯል፣ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ በኋላ ማለዳ የሚጠረገው መጀመሪያ እዚያ ነው።

በጣሪያው ላይ ግን አንድ የሚስተካከል ነገር ታይቷል። ዝናቡ እጅግ በበረታባቸው ደቂቃዎች ከቆርቆሮው ሞገድ እየተወረወረ የሚመጣው ውሃ በአሸንዳው ውስጥ ከማረፍ ይልቅ ከላዩ ዘልሎ ይወድቅ ነበር። አሸንዳው ሞልቶ አልፈሰሰም፤ ከውስጥ ግማሽ እንኳ እንዳልደረሰ በጎኑ ያለው እርጥበት ያሳያል። ስለዚህ መፍትሔው ትልቅ አሸንዳ መግዛት ሳይሆን የውጩን ጠርዝ የሚያስረዝም ጠባብ የቆርቆሮ ከለላ ማሰር ነው፤ ነገ ደረቅ ከሆነ ይታሰራል።

በጀሪካን ክዳኖች፣ በአሮጌ ጎማና በአበባ ማስቀመጫ ሳህኖች ላይ ውሃ ቆሞ ተገኝቷል። ትንኝ ከእንቁላል እስከ መብረር የሚፈጅባት ጊዜ በሞቃት አየር ከአንድ ሳምንት እስከ አሥር ቀን ስለሆነ ግቢውን በየሳምንቱ እየዞሩ የቆመን ውሃ መድፋት የልጆቹ ሥራ ሆኗል።

ውሃ ከገባ በኋላ ለሚደረገው ጽዳት የጎማ ጫማና ጓንት፣ አካፋ፣ መጥረጊያ፣ ሳሙናና በረኪና በአንድ በርሜል ውስጥ ተዘጋጅተዋል። የጎርፍ ውሃ የሽንት ቤት ፍሳሽ እንደተቀላቀለበት ተቆጥሮ ነው የሚያዝ፤ የነካቸው የአሸዋ ጆንያዎችም እንደዚያው። ባለቤቴና እኔ የቴታነስ ክትባታችን ጊዜው እንዳላለፈ አረጋግጠናል። ሻጋታ የረጠበ ነገር ላይ በ24 እና በ48 ሰዓት መካከል መብቀል ስለሚጀምር፣ ውሃው በወጣ በመጀመሪያው ቀን ፍራሽና ምንጣፍ ወደ ውጭ ይወጣሉ፣ በርና መስኮት ሁሉ ይከፈታል፤ ኤሌክትሪኩ ግን ባለሙያ ሳያየው አይበራም።

ቀሪ ሥራዎች፦ የአሸንዳው ከለላ፣ የቼክ ቫልቩን ክዳን ከፍቶ ከትናንቱ ዝናብ በኋላ ያለበትን ሁኔታ ማየት፣ በድንበሩ ቦይ መጨረሻ ላይ ውሃው መሬቱን መብላት የጀመረበትን ክንድ የሚያህል ቦታ ከጎረቤታችን ጋር ሆነን በድንጋይ ማንጠፍ። ድንጋዩን እሳቸው ከግቢያቸው እንደሚሰጡ ነግረውናል፤ ሥራው ማክሰኞ ጠዋት ይጀመራል።